እሪ በከንቱ ላይ ጎዶን ስንጠብቅ

ፒያሳን የሚያውቅ ሰው እሪ በከንቱን ያውቃታል። የስሟን ትርጉም ለአማርኛ አንባቢ ማብራራት አያስፈልግም። ድሮ አካባቢው ጭር ያለ ገደላገደል ሳለ ወንበዴ የያዘው ሰው ቢጮህ የሚደርስለት አልነበረም፤ ስሟም ከዚያ የመጣ ነው ይላሉ ሽማግሌዎች። በ2016 ዓ.ም. እዚያ ሰፈር፣ አንድ አሮጌ ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ አምስት ሆነን አንድ ቴአትር ሁለት ጊዜ ለጎረቤት አነበብን። የመጀመሪያው ወደቀ። ሁለተኛው ሰመረ። ቴአትሩ ያው፣ አንባቢዎቹ ያው፣ ክፍሉም ያው ነበር። በመሀል ምን እንደተለወጠ በዝርዝር ልጻፈው። «ሕይወት ትርጉም የለውም» የሚለውን ሐሳብ መድረክ ላይ ማውጣት የሚያምራቸው ወጣቶች ብዙ ናቸው። እኔም አንዱ ነበርኩ።

ቴአትሩ የአየርላንዳዊው ጸሐፊ የሳሙኤል ቤኬት «ጎዶን መጠበቅ» ነው። ትኬት አልሸጥንም፣ ማስታወቂያም አልለጠፍንም። የቤኬት ወራሾች በፈቃድ ጉዳይ ጥብቅ ናቸው፤ እኛም አደባባይ የማውጣት ሐሳብ አልነበረንም። ከእንግሊዝኛው ለራሳችን መለስነው። ወረቀት ይዘን፣ አንዳንዴ ተቀምጠን፣ አንዳንዴ ቆመን አነበብነው።

ለማያውቁት ባጭሩ ልንገራቸው። ቭላድሚርና ኤስትራጎን የሚባሉ ሁለት ሰዎች አመሻሽ ላይ አንድ ዛፍ አጠገብ ጎዶ የሚባል ሰው ይጠብቃሉ። ፖዞ የሚባል ጌታ፣ ላኪ የሚባለውን አገልጋዩን አንገቱን በገመድ አስሮ እየነዳ ይመጣል፤ ቆይቶ ይሄዳል። ከዚያ አንድ ልጅ መጥቶ ጎዶ ዛሬ አይመጣም፣ ነገ ግን በእርግጥ ይመጣል ይላቸዋል። ሁለተኛው ገቢር ላይ በነጋታው ያው ነው። ዛፉ ጥቂት ቅጠል አውጥቷል። ፖዞ ታውሯል። ላኪ ዲዳ ሆኗል። ልጁ ይመጣል፣ ያንኑ ይላል።

የነበረው ሁኔታ

አምስታችንም የቀን ሥራ አለን። አንዱ ማተሚያ ቤት ይሠራል። አንዷ አስተማሪ ናት። አንዱ የባንክ ሠራተኛ ነው። ታናሻችን ዩኒቨርሲቲ ገና መጨረሱ ነው። እኔ ትርጉም እሠራለሁ። ክፍሉን ያገኘነው በታናሻችን አክስት በኩል ነው። ወንበር ግን አልነበረንም። ወንበር ያለው እድሩ ነው።

የእድሩ ንብረት ያዥ እዚያው ግቢ የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን፤ ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። ሠላሳ ወንበር ሲሰጡን አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፤ «ወንበሩ ባለበት እኔም አለሁ።» ከመጀመሪያው ልምምድ ጀምሮ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ጋዜጣቸውን ያነቡ ነበር። የሚያዳምጡን አይመስለንም ነበር።

መጀመሪያ ያስቸገረን እንዲህ ያለው ቴአትር የሚጠራበት ቃል ነው። «አብሰርድ» የሚለውን በአማርኛ ምን እንበለው? ወለፈንዲ የሚሉ አሉ፤ ቆንጆ ቃል ነው፣ ግን ሰፈር ውስጥ የሚያውቀው አላገኘንም። «ትርጉም አልባ» አልነውና ቀጠልን። ይህ ምርጫ በኋላ ዋጋ አስከፍሎናል።

ስያሜውን በመጽሐፉ ያወጣው ማርቲን ኤስሊን የሚባል ሐያሲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1961። ጸሐፌ ተውኔቶቹን ቤኬትን፣ ኢዮኔስኮን፣ አዳሞቭንና ዠኔን አንድ ላይ ሰብስቦ ስም ሰጣቸው። እነሱ ማኅበር አላቋቋሙም፣ መግለጫም አላወጡም። ቤኬት ይህን ቴአትር በፈረንሳይኛ የጻፈው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው፤ ከ1948 መጨረሻ እስከ 1949 መጀመሪያ። ፓሪስ ውስጥ ባቢሎን በሚባል ትንሽ ቴአትር ቤት፣ በሮዤ ብላን አዘጋጅነት፣ በጥር 1953 ታየ። ሲጽፈው «አብሰርድ እጽፋለሁ» ብሎ አልተነሳም። እኛ ግን ስናነበው «አብሰርድ እናነባለን» ብለን ተነሳን።

የመጀመሪያው ንባብ

ጥር መጨረሻ ላይ፣ አንድ እሑድ 9 ሰዓት ገደማ ጎረቤት ጠራን። ወንበሩ ሁሉ ሞላ። አምስታችንም ጥቁር ለብሰናል። መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍነናል። ከንባቡ በፊት እኔ ሃያ ደቂቃ ያህል መግቢያ ተናገርኩ። ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ስለ ፈረንሳዊው ጸሐፊ ካሙ፣ ስለ ኢዮኔስኮ። ንግግሬን የጨረስኩት «ይህ ቴአትር የሰው ልጅ ህልውና ትርጉም አልባ መሆኑን ያሳየናል» ብዬ ነው።

ያን ቀን የተበላሸው ሁሉ ከዚያች ዓረፍተ ነገር ይመዘዛል። ከዚያ በኋላ ያነበብነው እሷን ለማረጋገጥ ነበር። ድምፃችን የሞተ፣ ዓይናችን መሬት ላይ የተተከለ። ቤኬት ዝም ይላሉ ብሎ በጻፈበት ቦታ ሁሉ በልባችን እስከ አምስት እየቆጠርን ዝም አልን። ካሮት የሚበላበት ቦታ ላይ ካሮት አልነበረም፤ እጃችንን ብቻ ወደ አፋችን አነሳን። ትርጉም አልባ በሆነ ዓለም ውስጥ ካሮቱ ምን ያደርጋል ብለን መሆን አለበት።

ሌላም ጥፋት ሠራን። ልጁ ጎዶ ዛሬ አይመጣም በሚልበት ቦታ «ሲስተም የለም» የምትል አስገባን። ከአምስታችን የሁለታችን እናቶች በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግበው፣ በ2005 ዓ.ም. እንደገና ተመዝግበው፣ እስካሁን የሚጠብቁ ናቸው። ቀልዷ ከልባችን ነው የመጣችው። ሰዉም ከልቡ ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ግን የሚጠበቅ ነገር አልቀረም። ጎዶ ቤት ሆነና አረፈው። ሰዉ እንቆቅልሹን ፈታ፣ ተነሣ፣ ሄደ። ሁለተኛው ገቢር ሲጀመር ከወንበሩ ግማሽ በላይ ባዶ ነበር።

የቀሩት ሲያልቅ አጨበጨቡልን። በይሉኝታ ነው። ከዚያ ሦስት ነገር ተነገረ፤ ሦስቱንም ያን ዕለት ማታ ደብተሬ ላይ ጻፍኳቸው።

ቡና የምታፈላልን አክስት «ጎዶሎን ነው የምትጠብቁት?» አለች። ስሙን እንደዚያ ነው የሰማችው።

አንድ ወጣት «ወርቁ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ከፊት የተቀመጡ አንዲት እማማ ደግሞ እጄን ይዘው «ልጄ፣ ሁሉ ከንቱ መሆኑንማ ሰሎሞን ነግሮናል። እናንተ ምን ጨመራችሁበት?» አሉኝ።

በዚህ ጥያቄ ላይ ብዙ ቀን አሰብኩ። «ከንቱ፣ ከንቱ፣ ሁሉ ከንቱ ነው» የሚለውን የመክብብን ቃል ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ላደገ ሰው የሕይወት ባዶነት ዜና አይደለም። ለቅሶ ቤት ይነገረዋል። ዘፈኑ ውስጥ አለ። አላፊ ጠፊ ዓለም ማለት የሰላምታ ያህል አፉ ላይ ነው። ቤኬትን የተቀበለው የፓሪስ ተመልካች ሁለት ጦርነት አይቶ፣ የሚታመነውን ሁሉ አጥቶ ነበር። ባዶው እሱን ሊያስደነግጠው ይችላል። እሪ በከንቱ ላይ ባዶውን ብቻ ይዞ መምጣት ለጎረቤት የራሱን ውኃ ቀድቶ መስጠት ነው።

የወጣቱ ጥያቄም ቀላል አይደለም። የእኛ ቴአትር ሲወለድም ወርቅ ይዞ ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር አዲስ አበባ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ሲያሳዩ መድረኩ ላይ የወጡት አውሬዎች ነበሩ፤ የተወቀሱት ግን ሹማምንቱ። ከእኛ ክፍል በእግር የሚደረስበት ሀገር ፍቅርም በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም ጦርነት እያንዣበበ ነበር፤ ሥራው ሕዝቡን ማነቃቃት ነበር። እንዲህ ያደገ ተመልካች ሰም ሲያይ ወርቁን ይፈልጋል። መብቱ ነው። ቤኬትን ጎዶ ማን ነው ብለው ሲጠይቁት ግን ባውቅ ኖሮ ቴአትሩ ውስጥ እጽፈው ነበር ብሏል። ተደብቆ የሚጠብቅ አንድ ወርቅ የለም። ይህንን ለተመልካች በመግቢያ ንግግር ማስረዳት አይቻልም። በሰሙ ላይ እንዲቆይ የሚያደርገው ነገር ያስፈልጋል። እኛ ደግሞ ሰሙን አቅልጠን ነው የመጣነው። ካሮቷን እንኳ አላመጣንም።

«ይሄ ለተራ ሰው ይከብዳል» የሚል ከመሀላችን ነበር። እኔ አልተቀበልኩትም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1957 አንድ የሳን ፍራንሲስኮ ቡድን ይህንኑ ቴአትር ሳን ክዌንቲን ወህኒ ቤት ወስዶ ለ1,400 ያህል እስረኞች አሳይቷል። አብዛኞቹ ቴአትር አይተው አያውቁም። ግን እስከ መጨረሻው ተከታተሉት። ጥፋቱ የእኛ ነበር።

ድንኳኑ

በሳምንቱ አንድ የግቢው ሰው ሞቱ። ወንበሩ ለለቅሶ ተፈለገ። ያመጣነው እኛ ነንና ተሸክመን ድንኳኑ ውስጥ ደረደርነው። ከዚያ ትቶ መሄድ ነውር ስለሆነ ተቀመጥን። ሌሊቱንም አመሸን።

ያን ሌሊት ያየሁትን ሁሉ አልጽፍም። ሁለት ነገር ብቻ ልናገር።

አንደኛው ዝምታው ነው። ሰው ይገባል፣ እግዚአብሔር ያጥናችሁ ይላል፣ ይቀመጣል። ከዚያ ዝም ይላል። የሚያስጨንቅ ዝምታ አይደለም። ማንም አይቆጥርም። ከቆይታ በኋላ አንዱ ስለ ታክሲ ሰልፍ ይናገራል። ሌላው ስለ ጤፍ ዋጋ። ጥግ ላይ ካርታ ይጫወታሉ። «ዛሬ ብርዱ ባሰ» ይላል አንዱ። «ትናንት ይብስ ነበር» ይላል ሌላው። እንደገና ዝም። ከውጭ ለሚያየው ትርጉም የሌለው ወሬ ነው። ግን ማንም ለወሬው አልመጣም። የመጡት ሐዘንተኛው ሌሊቱን ብቻውን እንዳያድር ነው።

ሁለተኛው ጫማው ነው። ከጋሼ አጠገብ እግራቸው ያበጠ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ጫማቸውን ለማውለቅ ጎንበስ አሉ። አልወልቅ አለ። በሁለት እጃቸው ጎተቱ፣ ትንፋሽ አጠራቸው፣ ተውት። እንደገና ሞከሩ። ጋሼ ምንም ሳይሉ ከወንበራቸው ወርደው በአንድ ጉልበታቸው ተንበረከኩ። ክሩን እስከ ታች ፈቱት። ምላሱን ወደ ፊት ሳቡት። አንድ እጃቸውን ተረከዙ ላይ አድርገው ቀስ እያሉ አወጡት። ከዚያ ጫማውን ገልብጠው አራገፉት። አንዲት ጠጠር ወደቀች። ሽማግሌው «ተመስገን» አሉ። ጋሼ ተመልሰው ተቀመጡ። ሁለቱም ዝም አሉ።

የቤኬት ቴአትር የሚጀምረው ኤስትራጎን ጫማውን ለማውለቅ ሲታገል ነው። ያን ቦታ ከሃያ ጊዜ በላይ አንብቤዋለሁ። ድንኳኑ ውስጥ እስካየው ድረስ ግን እግር ያለው ሰው መሆኑ አልገባኝም ነበር።

በቀጣዩ ልምምድ ጋሼ ጋዜጣቸውን አጠፉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ቴአትሩ ተናገሩ።

«እናንተ ዝም ስትሉ የምትቆጥሩ ትመስላላችሁ። ሰው ዝም ሲል ይቆጥራል እንዴ? ለቅሶ ቤት ስትቀመጡ ቆጥራችሁ ነበር?»

ዝም አልን።

«ደግሞ እነዚህ ሁለት ሰዎች እንሂድ እንሂድ ይላሉ እንጂ አንዱ አንዱን ጥሎ አይሄድም። እሱን አላነበባችሁትም።»

ማታ ወደ ካሙ ተመለስኩ። መግቢያዬ ላይ ስሙን ጠርቼ ሐሳቡን ግን አጉድዬ ነበር። ካሙ እ.ኤ.አ. በ1942 ስለ ግሪኩ አፈ ታሪክ ሰው ስለ ሲሲፈስ በጻፈው ድርሰት አብሰርድ ዓለም ውስጥ ብቻ ያለ ነገር አይደለም፣ ሰው ውስጥም ብቻ አይደለም ይላል። ሰው ሲጣራ፣ ዓለም መልስ ሲነፍገው፣ በሁለቱ መካከል የሚፈጠር ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። አንዱ ከጎደለ አብሰርድ የለም። ይህንን እያነበብኩ የሰፈሩ ስም ትዝ አለኝ። ስሙ በከንቱ ብቻ አይደለም። እሪ አለበት። እኛ በከንቱውን አንብበን እሪውን ትተነው ነበር።

ቤኬት ራሱ መጠበቅን ከፍልስፍና መጽሐፍ አልተማረውም። ፈረንሳይ በናዚዎች ስትያዝ ከፀረ ናዚ አርበኞች ጋር ተሰልፎ በኅቡእ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 ጓዶቹ ሲያዙ ከወዳጁ ከሱዛን ጋር ከፓሪስ ሸሽተው፣ በደቡብ ፈረንሳይ ሩሲዮን በሚባል መንደር ተደበቁ። ጦርነቱ የሚያበቃበትን ቀን እየጠበቀ፣ ለምግቡ የገበሬ ማሳ ላይ እየሠራ ኖረ። ቴአትሩን ያ ብቻ ወለደው አልልም። ግን ይህን ካወቅኩ በኋላ ካሮቷን በባዶ እጅ ማሳየት አሳፈረኝ።

ሁለተኛው ንባብ

የካቲት አጋማሽ ላይ እንደገና ጠራን። ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ አወረድነው። ጥቁሩን ልብስ ተውነው። መግቢያ አልተናገርኩም። «ሲስተም የለም»ን አወጣናት፤ በጣም ከብዶን ነው ያወጣናት።

ካሮት ከጉልት ገዛን። ቤኬት ጽሑፍ ላይ ኤስትራጎን ካሮት ሲጠይቅ ቭላድሚር መጀመሪያ በስህተት ሌላ ሥር አትክልት ያወጣለታል። እኛ ቀይ ሥር አደረግነው። ማተሚያ ቤት የሚሠራው ልጅ ኪሱን ሲፈትሽ ቀይ ሥር፣ አሁንም ቀይ ሥር። ጓደኛው ተስፋ ሊቆርጥ ሲል አንዲት ካሮት። በሸሚዙ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ሰጠው። አንዲት ሕፃን «ለእኔስ?» አለች። ሰዉ ሳቀ። ይህ ሳቅ ግን ማንንም ከወንበሩ አላስነሳም።

የአጠራሩ ጉዳይ ብዙ ሥራ ጠየቀን። በእንግሊዝኛው ሁሉም «ዩ» ነው። በአማርኛ ማን ማንን አንተ፣ ማን ማንን እርስዎ እንደሚል ሳትወስን አንድ ዓረፍተ ነገር አትናገርም። ሁለቱ ጓደኛሞች አንተ ተባባሉ። ፖዞን በመጀመሪያው ገቢር እርስዎ አሉት። በሁለተኛው ገቢር ታውሮ መሬት ላይ ወድቆ ሲጣራ ቭላድሚር አሁንም እርስዎ ይለዋል፣ ኤስትራጎን ግን አንተ ይለዋል። ይህ ከቤኬት አይደለም፣ አማርኛው ያስገደደን ነው። ግን የኃይልን መውደቅ በአንዲት ፊደል አሳየን። ልጁን ያነበበችው አስተማሪዋ ናት። መጀመሪያ ቭላድሚርን «ጌታዬ» ብላ ጠራችው። ቀዘቀዘ። «ጋሼ» ስትል ነገሩ ሁሉ ተለወጠ፤ የሰፈር ልጅ ሆነ። በሩ አጠገብ የተቀመጡት ጋሼም ቀና አሉ።

ከሁሉ ያልጠበቅነው የሁለቱ ወንበዴዎች ቦታ ነው። ቭላድሚር ከጌታ ጋር ስለተሰቀሉት ሁለት ወንበዴዎች ያነሳል። ከአራቱ ወንጌላውያን አንዱ ዳነ የሚለው አንዱ ብቻ ነው፣ ታዲያ ለምን እሱን እናምናለን ይላል። በመጀመሪያው ንባብ ይህንን በፍጥነት አልፈነው ነበር፤ ለፈረንሳይ ሰው የተጻፈ ነው ብለን። አሁን ቀስ ብለን ስናነበው እነዚያው እማማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ፈያታዊ ዘየማን ነው እንጂ! ጥጦስ!» አሉ። ከኋላ አንድ ሰው «ሉቃስ ላይ ነው ያለው» አለ። ሌላው «ሌሎቹስ ለምን አልጻፉትም?» አለ። ክርክር ተነሣ። አንባቢዎቹ ወረቀታቸውን ይዘው ጠበቁ። ሦስት ደቂቃ ያህል ቴአትሩ ተመልካቹ ውስጥ ነበር። ያ ጥያቄ በአንድ ፓሪስ ቴአትር ቤት ውስጥ የተማረ ሰው ቀልድ ሊሆን ይችላል። እዚህ ግን ሥጋና ደም አለው። ልጁ ፍየል ጠባቂ መሆኑን፣ የሚገረፈው ግን በግ ጠባቂው ወንድሙ መሆኑን ሲናገር ደግሞ ክፍሉ ውስጥ «እንዴት ይሆናል?» የሚል ማጉረምረም ተሰማ። በግ በቀኝ ፍየል በግራ መሆኑን የማያውቅ አልነበረምና። ቤኬት ይህን ያህል ያዳመጠው ተመልካች ቢያይ ደስ ይለው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ገቢር ላይ መብራት ጠፋ። ማንም አልተነሣም። አክስት ሁለት ሻማ አመጣች፣ ሌሎች የስልካቸውን መብራት ወደ ወረቀታችን አበሩልን። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ሱዛን ሶንታግ እ.ኤ.አ. በ1993 በተከበበችው ሳራዬቮ ይህንኑ ቴአትር በሻማ ብርሃን አዘጋጅታ ነበር። የእኛ ሁኔታ ከእነሱ ጋር አይወዳደርም። ግን ሰው ስልኩን ዘርግቶ የሌላ ሰው ቃል ላይ ሲያበራ ክንዱ እስኪዝል ድረስ እንደማያወርደው አየሁ።

ሁሉም አልሰመረም። ላኪ የሚናገረው ረጅሙ ማቋረጫ የሌለው ንግግር አሁንም አስቸገረን። የባንክ ሠራተኛው በልጅነቱ ቄስ ትምህርት ቤት ስለተማረ ዳዊት እንደሚደግም አድርጎ አፈጠነው። ጥሩ ዜማ ነበረው፤ ትርጉሙ የሚፈርስበት ቦታ ግን አልተሰማም፤ ጸሎት መሰለ። ገመዱም ከበደ። አንዲት እናት ላኪ በገመድ ሲጎተት ልጇን ይዛ ወጣች። ልክ ናት አይደለችም አልልም። ያን ቦታ እንዴት እንደምናነበው እስካሁን አልፈታሁትም።

መጨረሻው ላይ ኤስትራጎን የሱሪውን ገመድ ይፈታል፣ ሱሪው ይወርዳል፣ ቭላድሚርም ሱሪህን ልበስ ይለዋል። በመጀመሪያው ንባብ ይህን እንደ ውርደት አነበብነው። በሁለተኛው ማተሚያ ቤት የሚሠራው ልጅ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ታናሽ ወንድሙን እንደሚያለብስ ሰው ተናገረው። ከዚያ እንሂድ ይላሉ። አይንቀሳቀሱም። በክፍሉ ውስጥ የነበረው ዝምታ የድንኳኑ ዝምታ ነበር። ስንት ሰከንድ እንደቆየ ማንም አልቆጠረም።

ታናሻችን ያልተስማማበት

ታናሻችን በሁለተኛው ንባብ አልተደሰተም። ቅሬታውን ልተወው አልችልም፤ ጠንካራ ነውና።

«ለቅሶ ያበቃል» አለኝ። «ሰልስት አለው፣ አርባ አለው፣ ሰማንያ አለው፣ ተዝካር አለው። ዝምታውን የሚሰማ እግዚአብሔር አለ ብለው ነው የሚቀመጡት። የእነዚህ ሁለት ሰዎች መጠበቅ ቀን የለውም። የሚሰማቸውም የለም። እናንተ ቤኬትን እድር ውስጥ አስገባችሁት።»

እውነቱን ነው። ድንኳኑ ለዝምታው ቁልፍ ሰጠን እንጂ ቴአትሩን ሁሉ አይከፍተውም። ሁለተኛው ገቢር የተጻፈው ለዚህ ይመስለኛል። አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ኖሮ ጓደኝነታቸው ያጽናናን ነበር። ሁለተኛው ቀን ያንኑ ሲደግም፣ ልጁ ትናንት እዚህ አልመጣሁም ሲል፣ መጽናኛው ይሰነጠቃል። ታናሻችን ሁለተኛውን ገቢር የበለጠ ደረቅ አድርገን እንድናነበው ይፈልጋል። እኔ የምለው ግን ይህ ነው። መጠበቁ ከንቱ ሊሆን ይችላል። ካሮቷን ጠርጎ መስጠቱ ግን ከንቱ አይደለም። ቤኬት ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጧቸዋል፣ አንዱንም አላነሳም። ሁለቱን እኩል ይዞ ማንበብ ከሁሉ ይከብዳል። እስካሁን አልቻልንበትም።

ከዚያ ወዲህ

መጋቢት ላይ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ለልማት ሲነሡ ያ ቤትም ፈረሰ። የግቢው ሰው ወደየተሰጠው ቦታ ሄደ። ሦስተኛ ንባብ አስበን ነበር፤ አልሆነም።

ግንቦት ላይ ጋሼን ልጠይቅ ሄድኩ። ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። ሳሎናቸው ግማሹ ወንበር ነው። ሠላሳው ተደራርቦ ግድግዳ ተደግፏል፤ ከመሬት እስከ መስኮቱ ጫፍ ይደርሳል። ኢዮኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1952 ለመድረክ በበቃ ቴአትሩ ውስጥ አንድ ሽማግሌና አንዲት አሮጊት ለማይታዩ እንግዶች ወንበር እየደረደሩ ክፍሉን ይሞሉታል። እሱ ትዝ አለኝ፣ ግን አልነገርኳቸውም።

ሻይ ከጠጣን በኋላ የእድሩን መዝገብ አወጡ። ከእያንዳንዱ አባል ስም ጎን አዲሱን ሰፈሩን በእስክሪፕቶ ጽፈውበታል። አንዱ አቃቂ፣ አንዱ ቦሌ አራብሳ፣ አንዱ ልጁ ቤት። ጣታቸውን መስመር በመስመር እያወረዱ አሳዩኝ። ከሦስት ስም ጎን ገና ባዶ ነበር።

መነጽራቸውን አስተካክለው ስልካቸውን አነሡና የመጀመሪያው ጋ ደወሉ። ጠራ፣ አልተነሣም። ስልኩን መዝገቡ ላይ አስቀመጡት። ትንሽ ቆይተው እንደገና ደወሉ።